ስምንቱን የኤንኤፍኤል ምድቦች ማን ይወስዳል? ከሁለት ቡድን አንዱን ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

አምና ሲዝኑ ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እንደየዓመቱ ስምንት ስም ጽፌ አስገባሁ። በኤንኤፍኤል፣ ማለትም በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ በየምድቡ አንደኛ ይወጣል ያልኩትን ቡድን። ሲዝኑ ሲያልቅ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነበር። ኢግልስን።

ብዙ ሰው እንደዚያው ሆኗል፤ ምክንያቱም የዚያን ዓመት ውጤት ስታዩት ያስደነግጣል። በ2024 ምድባቸውን ካሸነፉት ስምንት ቡድኖች ውስጥ በ2025 የደገመው ፊላዴልፊያ ኢግልስ ብቻ ነው። ቢልስ ለፓትሪዮትስ አስረከበ። ሬቨንስ ለስቲለርስ፣ ቴክሳንስ ለጃጓርስ፣ ቺፍስ ለብሮንኮስ፣ ላየንስ ለቤርስ፣ ባካኒርስ ለፓንተርስ፣ ራምስ ለሲሆክስ። ሰባት ምድብ በአንድ ጊዜ ባለቤት ቀየረ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ሲዝኑ የተጀመረበትን ዓመት ማለቴ ነው።)

አሁን ደግሞ አንድ ዓመት ወደኋላ ሂዱ። በ2023 ካሸነፉት ስምንቱ ስድስቱ በ2024ም ደግመዋል። የወጡት ካውቦይስ እና ፎርቲናይነርስ ብቻ ነበሩ። «ያምናውን አሸናፊ ያዝ» የሚለው ዘዴ አንድ ዓመት ስድስት አስገኘ፣ በሚቀጥለው ዓመት አንድ። ዘዴውን የተጠቀመው ሰው ግን በሁለቱም ዓመት ያደረገው ነገር አንድ ዓይነት ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ አካሄዴን ቀይሬያለሁ። ለስምንቱም ምድብ አንድ መለኪያ አልጠቀምም። በየምድቡ መጀመሪያ ሁለት ቡድን አስቀራለሁ፣ ከዚያ ሁለቱን በትክክል የሚለያቸው ጥያቄ የቱ እንደሆነ እፈልጋለሁ። አንዱ ምድብ ላይ የሚለየው አሰልጣኝ ነው። ሌላው ላይ የጨዋታ ፕሮግራም። ሌላው ላይ ደግሞ አምና ያሸነፉት እንዴት ነበር የሚለው ነው።

ምድብ ማሸነፍ ለምን ያን ያህል ይጠቅማል?

ለአዲስ ሰው በአጭሩ። ኤንኤፍኤል 32 ቡድን አለው፤ ግማሹ ኤኤፍሲ፣ ግማሹ ኤንኤፍሲ። እያንዳንዱ ኮንፈረንስ ምሥራቅ፣ ሰሜን፣ ደቡብና ምዕራብ ተብሎ በአራት ምድብ ይከፈላል። በአንድ ምድብ አራት ቡድን። ድልድሉ ከ2002 ጀምሮ እንዲሁ ነው። ከእያንዳንዱ ኮንፈረንስ ሰባት ቡድን ወደ ፕሌይኦፍ (ጥሎ ማለፍ) ያልፋል፤ አራቱ የምድብ አሸናፊዎች ናቸው፣ ሦስቱ ደግሞ ከቀሩት ጥሩ ውጤት ያላቸው። የምድብ አሸናፊዎቹ ውጤታቸው ምንም ይሁን ምን ከ1 እስከ 4 ያለውን ተራ ይይዛሉ። አንደኛው የመጀመሪያውን ዙር ያርፋል፣ ሦስቱ በሜዳቸው ይጫወታሉ።

ፕሪሚየር ሊግ እያየን ላደግን ሰዎች ይሄ መጀመሪያ ላይ አይዋጥልንም። በ2024 ሚኒሶታ ቫይኪንግስ 14 አሸንፎ 3 ብቻ ተሸንፏል። ግን የመጨረሻውን ጨዋታ በላየንስ 31–9 ስለተረታ ምድቡን አጣና አምስተኛ ተባለ። 10–7 (10 አሸንፎ 7 ተሸንፎ) የነበረው ራምስ የምድብ አሸናፊ ስለሆነ ባለሜዳ ሆነ። በሎስ አንጀለሱ እሳት ምክንያት ጨዋታው ወደ አሪዞና ቢዛወርም ቫይኪንግስ 27–9 ተሸንፎ ተሰናበተ። በ2025 ደግሞ ካሮላይና ፓንተርስ 8 አሸንፎ 9 ተሸንፎ ምድቡን ወሰደና 12–5 የነበረውን ራምስን በሜዳው አስተናገደ። 34–31 ተሸነፈ፣ ግን እዚያ ደርሷል።

ስለዚህ የምትገምቱት ጎበዙን ቡድን አይደለም። ከሦስት ጎረቤቶቹ የሚበልጠውን ነው። ይሄን ልዩነት ያልያዘ ሰው ደቡብ ምድቦች ላይ ሁሌም ይሳሳታል።

መለኪያዎቹ አንድ በአንድ

ያምናውን አሸናፊ መያዝ የሚያዋጣው የምድቡን ጠባይ ካወቃችሁ ነው። ፓትሪዮትስ ከ2009 እስከ 2019 የኤኤፍሲ ምሥራቅን 11 ጊዜ በተከታታይ ወስዷል። ቺፍስ ከ2016 እስከ 2024 ምዕራቡን ዘጠኝ ጊዜ። በተቃራኒው በኤንኤፍሲ ምሥራቅ ከ2004 በኋላ እስከ 2024 ድረስ በተከታታይ ሁለት ዓመት ያሸነፈ አንድም ቡድን አልነበረም። ኢግልስ ነው በ2025 ያንን ልማድ የሰበረው። ረጅም ንግሥና ደግሞ ሲያልቅ ቀድሞ አይናገርም፤ ቺፍስ ከ15–2 ተነስቶ በአንድ ዓመት 6–11 ላይ ወደቀ።

ከመጨረሻ ተነስቶ አንደኛ መውጣት ብርቅ ይመስላችኋል? አይደለም። በ2020 ዋሽንግተን፣ በ2021 ቤንጋልስ፣ በ2022 ጃጓርስ፣ በ2023 ቴክሳንስ በቀደመው ዓመት ከምድባቸው መጨረሻ የነበሩ ናቸው። ሁሉም አሸነፉ። 2024 ላይ እንደዚህ ያለ ቡድን አልታየም፣ በ2025 ግን ሁለት መጡ፤ ፓትሪዮትስ እና ቤርስ። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ሕግ ቀላል ነው። ከስምንቱ ስም ቢያንስ አንዱ አምና አራተኛ የነበረ ቡድን ይሁን። የትኛው እንደሆነ መፈለግ ነው ሥራው።

ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳስ እየወረወረ ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች፣ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያየው ነገር ነው፣ ልክም ነው። ግን ኳርተርባክ ቡድን ለመጣል እንጂ ለመምረጥ ብዙ አይረዳም። ደካማ ኳርተርባክ ያለውን ቡድን ከዝርዝሩ ታወጣላችሁ፤ የቀሩት ሁለቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ጥሩ አላቸው። የቢልሱ ጆሽ አለን በ2024 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፣ በ2025 ቢልስ 12 ጨዋታ አሸነፈ፣ ያም ሆኖ ሁለተኛ ነው የወጣው። ጉዳቱ ደግሞ አለ። ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ በ2025 በ8–2 ሲጀምር አገሩ ሁሉ ስለሱ ያወራ ነበር። ቀድሞ መንሸራተት ጀምሮ ነበር፣ ኳርተርባኩ ዳንኤል ጆንስ የተረከዝ ጅማቱ ሲበጠስ ጭራሽ አበቃለት። 8–9 ጨረሰ። ከዚያ በኋላ አንድም ጨዋታ አላሸነፈም ማለት ነው።

የነጥብ ልዩነት ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው መለኪያ ነው። የተቆጠረበትን ነጥብ ካስቆጠረው ቀንሱ። በ2022 ቫይኪንግስ 13–4 ነበር፤ 424 ነጥብ አስቆጥሮ 427 ተቆጥሮበታል። 13 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን በድምሩ ተበልጧል! በጠባብ ልዩነት ያለቁትን 11 ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፎ ነው እንጂ። በሚቀጥለው ዓመት 7–10 ሆነ። ያው ነገር በ2024 ቺፍስ ላይ ታይቶ ነበር፣ ብዙዎቻችን ግን ስሙን አይተን አለፍነው። 15–2 ሆኖ ልዩነቱ 59 ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት እኩል 15–2 የነበረው ላየንስ ልዩነቱ 222 ነው። ለጥቂት ማሸነፍ ጥበብ አለበት፣ አልክድም። በየዓመቱ ግን አይደገምም።

እዚህ ላይ «ላየንስስ? እሱም በ2025 ወደቀ» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፣ 9–8 ሆነ። ያንን የሚያስረዳው ቀጣዩ መለኪያ ነው።

አሰልጣኝ። ላየንስ ከ2024 በኋላ የማጥቃቱን አሰልጣኝ ቤን ጆንሰንን እና የመከላከሉን አሰልጣኝ አሮን ግሌንን በአንድ ጊዜ አጣ። ግሌን ወደ ጄትስ ሄደ። ጆንሰን ግን የሄደው እዚያው ምድብ ውስጥ ወዳለው ቺካጎ ቤርስ ነው፤ በመጀመሪያ ዓመቱ 5–12 የነበረውን ቡድን 11–6 አድርጎ ምድቡን ከቀድሞ ቤቱ ወሰደ። በ2025 ካሸነፉት ስምንት ቡድኖች ውስጥ ሦስቱ በአዲስ ዋና አሰልጣኝ ነበሩ፤ ቤርስ በጆንሰን፣ ፓትሪዮትስ በማይክ ቭሬብል፣ ጃጓርስ በሊያም ኮን። ሦስቱም ወጣት ኳርተርባክ ያለበት ቤት ነው የገቡት። ይሄን ሁለት ነገር አንድ ላይ ስታገኙ፣ ተስፋ የሚጣልበት ልጅ እና አዲስ አሰልጣኝ፣ ቡድኑን በቀላሉ ከዝርዝር አትሰርዙት።

የጨዋታ ፕሮግራም ላይ ሰው የሚሳሳተው ብዙ ነው። «አንደኛ የወጣ ቡድን ከባድ ፕሮግራም ይሰጠዋል» ይባላል። ስሌቱን እንየው። ከ17ቱ ጨዋታ 6ቱ ከምድብ ጎረቤቶች ጋር ነው። 4ቱ በዚያው ኮንፈረንስ ካለ አንድ ምድብ ጋር፣ 4ቱ በሌላው ኮንፈረንስ ካለ አንድ ምድብ ጋር። እነዚህን የምድቡ አራቱም ቡድኖች ይጋሯቸዋል። አምና በወጡበት ደረጃ የሚወሰኑት 3ቱ ብቻ ናቸው። ሦስት ጨዋታ አንዳንዴ ብዙ ነው፣ አንዳንዴ ምንም አይደለም። ከታች ሁለቱንም ዓይነት ታያላችሁ።

የውርርድ ድርጅቶች ቁጥር? እዩት፣ ለማመሳከር ይጠቅማል። ግን እነሱም በ2025 ክረምት ፓትሪዮትስን፣ ቤርስንና ፓንተርስን አላስቀደሙም። ደግሞም የምጽፈው ለጓደኛ ለጓደኛ ጨዋታ ነው። የቤት ኪራይ ይዞ ለሚወራረድ ሰው የምሰጠው ምክር የለኝም፤ ይተወው ነው የምለው።

ኤኤፍሲ ምሥራቅ፦ ፓትሪዮትስ ወይስ ቢልስ

ብዙ የሚያከራክረኝ ምድብ ይሄ ነው። ባልደረቦቼ በሙሉ «ፓትሪዮትስ አምና ፕሮግራሙ ቀሎለት ነው» ይላሉ። 4–13 ከነበረበት 14–3 ሆኖ እስከ ሱፐር ቦውል (የሊጉ ፍጻሜ) ስለሄደ ነገሩ ያጠራጥራል። ግን 14ቱ ጨዋታ ከቢልስ ጋር የጋራ ነበር። የሚለዩትን ሦስቱን ብቻ እናነጻጽር። ፓትሪዮትስ አራተኛ ስለነበር ሬደርስን፣ ታይታንስንና ጃያንትስን አገኘ፤ በሬደርስ ተሸንፎ ሁለቱን አሸነፈ። ቢልስ አንደኛ ስለነበር ቺፍስን፣ ቴክሳንስንና ኢግልስን አገኘ፤ ቺፍስን አሸንፎ በሁለቱ ተሸነፈ። ልዩነቱ አንድ ጨዋታ ነው። በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ የነበረው ልዩነት ግን ሁለት ነው። ስለዚህ ፕሮግራም ብቻውን አያስረዳውም።

ዘንድሮስ? ሁለቱም ከኤኤፍሲ ምዕራብ እና ከኤንኤፍሲ ሰሜን ጋር ይጫወታሉ። ከባድ ነው፣ ግን ለሁለቱም እኩል ከባድ ነው። በደረጃ የመጡት ሦስቱ ለፓትሪዮትስ ስቲለርስ፣ ጃጓርስና ሲሆክስ ናቸው። ለቢልስ ሬቨንስ፣ ቴክሳንስና ራምስ። እስቲ የትኛው ነው ቀላሉ? ሁለተኛ መውጣት ለቢልስ ምንም አላቀለለለትም።

ስለዚህ ወደ ሌላው ጥያቄ እሄዳለሁ። ቢልስ አሰልጣኙን ሾን ማክደርሞትን አሰናብቶ የማጥቃቱን አሰልጣኝ ጆ ብሬዲን አሳድጓል። ጆሽ አለን ብሬዲን ያውቀዋል፣ ያ ጥሩ ነው። አዲስ ስታዲየምም ዘንድሮ ይከፍታሉ። ፓትሪዮትስ ግን ቭሬብልም ኳርተርባኩ ድሬክ ሜይም በቦታቸው ናቸው፣ በነጥብ ልዩነትም አምና ከቢልስ በልጧል። ፓትሪዮትስን ይዣለሁ። በቀሩት ሁለቱ፣ ጄትስ እና ዶልፊንስ ላይ ጊዜ አላጠፋም።

ኤንኤፍሲ ሰሜን፦ ቤርስ ወይስ ላየንስ

ቅድም «አምና አራተኛ የነበረ አንድ ቡድን ምረጡ» ያልኩት ለዚህ ነው። እዚህ ምድብ አምና አራተኛ የወጣው 9–8 የሆነው ላየንስ ነው። ቫይኪንግስም 9–8 ነበር፣ ግን ላየንስን ሁለቱንም ጊዜ ስላሸነፈው ሦስተኛ ሆነ። በነጥብ ልዩነት ስታዩት ላየንስ ከምድቡ የተሻለው ነበር።

አሁን ሦስቱን የደረጃ ጨዋታዎች ተመልከቱ። ቤርስ አንደኛ ስለሆነ ኢግልስን፣ ሲሆክስንና ጃጓርስን ያገኛል። ላየንስ አራተኛ ስለሆነ ጃያንትስን፣ ካርዲናልስንና ታይታንስን። አምና ካርዲናልስም ታይታንስም 3–14 ነበሩ። ቢልስ እና ፓትሪዮትስ ላይ ዋጋ ያልነበረው መለኪያ እዚህ ምድብ ላይ ነገሩን ሊወስን ይችላል። አንድ ወይም ሁለት ጨዋታ ማለት እዚህ አንደኛና ሦስተኛ ማለት ነው።

ቤርስን አልንቅም። ኳርተርባኩ ካሌብ ዊሊያምስ በመጨረሻ ደቂቃ ከኋላ እየተነሳ ያሸነፋቸውን ጨዋታዎች ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፣ በፕሌይኦፍም ፓከርስን 31–27 የረታው እንደዚያው ነው። ግን እንዲህ ያለ ድል ከዓመት ዓመት የሚያስተማምን አይደለም። መከላከሉም ከተጋጣሚ ኳስ በመንጠቅ ሊጉን የመራ ነበር፤ ኳስ መንጠቅ ደግሞ አንድ ዓመት ይበዛል፣ በሚቀጥለው ይቀንሳል። ፓከርስ የመከላከሉ ኮከብ ማይካ ፓርሰንስ በታኅሣሥ ጉልበቱ ተጎድቶበታል፤ ተመልሶ የድሮው ሰው እስኪሆን መጠበቅ አለ። ላየንስን ጽፌያለሁ።

ኤንኤፍሲ ምዕራብ፦ ሲሆክስ ወይስ ራምስ

ከሁሉም ምድብ የከበደው ነው። አምና ሦስት ቡድን 12 እና ከዚያ በላይ አሸንፏል። ሲሆክስ 14–3፣ ራምስ እና ፎርቲናይነርስ 12–5።

ምድቡ በምን እንደተወሰነ አስታውሱ። በታኅሣሥ ሲያትል ላይ ሲሆክስ ራምስን በተጨማሪ ሰዓት 38–37 አሸነፈ፤ ተችዳውን (ባለ ስድስት ነጥብ ጎል) ካስቆጠረ በኋላ ለአንድ ነጥብ ከመምታት ይልቅ ሁለት ነጥብ ሞክሮ ተሳካለት። የመጀመሪያውን ግጥሚያ ራምስ 21–19 ወስዶ ነበር። ያቺ አንድ ሙከራ ብትከሽፍ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ሁለቱም 13–4 ይጨርሱ ነበር። እኩል ሲሆኑ መጀመሪያ የሚታየው የእርስ በርስ ግጥሚያ ነው፤ ሁለቱንም ያሸነፈው ራምስ ምድቡን ይወስድ ነበር። በኮንፈረንሱ ፍጻሜም ሲሆክስ 31–27 ነው ያሸነፈው። እነዚህ ሁለት ቡድኖች እኩል ናቸው ብል አላጋነንኩም።

ታዲያ ምን ይለያቸዋል? ራምስ 518 ነጥብ አስቆጥሮ ሊጉን መርቷል፣ ኳርተርባኩ ማቲው ስታፎርድ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። ግን 38 ዓመቱ ነው። ሲሆክስ የማጥቃቱን አሰልጣኝ ክሊንት ኩቢያክን ለሬደርስ አጥቷል፤ ሬደርስ ዋና አሰልጣኝ አድርጎ ወሰደው። ስለ ላየንስ የተናገርኩትን ያስታወሰ ሰው «እንግዲያው ሲሆክስ ይወድቃል ማለት ነዋ» ሊለኝ ይችላል። አንድ ልዩነት አለ። ላየንስ ሁለቱንም ክንፍ ነው ያጣው። ሲሆክስ 292 ነጥብ ብቻ ተቆጥሮበት በመከላከል ከሊጉ አንደኛ የሆነው በዋናው አሰልጣኝ በማይክ ማክዶናልድ ጭንቅላት ነው፣ እሱ ደግሞ የትም አልሄደም። ለዚህ ብዬ ሲሆክስን መርጫለሁ። ራምስን የመረጠ ሰው ግን ተሳስተሃል አልለውም።

ኤንኤፍሲ ምሥራቅ፦ ልባችን ያለበት ምድብ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ዲሲ ለምንኖረው ይሄ ምድብ የቤት ጉዳይ ነው። በ2024 የዋሽንግተኑ ቡድን ኮማንደርስ ከ4–13 ተነስቶ 12–5 ሲሆን፣ ኳርተርባኩ ጄይደን ዳንኤልስ በመጀመሪያ ዓመቱ ቡድኑን እስከ ኮንፈረንስ ፍጻሜ ሲወስድ፣ ስለ ፉትቦል ምንም የማያውቁ የቡና ቤት ደንበኞች እንኳን ቲቪው ላይ ተሰብስበው ነበር። ከቤርስ ጋር በመጨረሻዋ ሰከንድ የወረወራት ኳስ ተነካክታ ስትገባ የነበረውን ጩኸት አልረሳውም። ከዚያ በ2025 5–12። ዳንኤልስ አብዛኛውን ሲዝን በጉዳት ነው ያሳለፈው።

ዘንድሮ ኮማንደርስን ልምረጥ? ፈልጌ ነበር። ዳንኤልስ ጤነኛ ከሆነ ከ5–12 በጣም የተሻለ ቡድን ነው። ግን ጥያቄው መሻሻሉ አይደለም፣ ኢግልስን መብለጡ ነው። ኢግልስ አምና ማጥቃቱ ሲንቀራፈፍ የከረመ ቡድን ሆኖ እንኳን 11–6 ጨርሷል፤ ሁለተኛ የወጣው ካውቦይስ 7–9–1 ነበር (የመጨረሻው ቁጥር አቻ ነው)። ያ ርቀት ሰፊ ነው። የሚያሳስበኝ ይልቅ ጃያንትስ ነው። ሬቨንስን 18 ዓመት ያሰለጠነው ጆን ሃርቦ እዚያ ገብቷል፣ ጃክሰን ዳርት የሚባል ወጣት ኳርተርባክም አለ። ቅድም ያልኩት ጥምረት ነው። ለጊዜው ኢግልስ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ጠይቁኝ።

የቀሩት

ኤኤፍሲ ደቡብ ላይ ጃጓርስ 13–4፣ ቴክሳንስ 12–5 ነበሩ። ቴክሳንስ በ0–3 ነው የጀመረው። ሦስቱን ተሸንፎ ከቀሪው 14 ጨዋታ 12 ያሸነፈ ቡድን መከላከሉ እንዳለ ከቆየ ምድቡን መልሶ ይወስዳል ብዬ አምናለሁ። ቴክሳንስ።

ኤኤፍሲ ሰሜን አምና በአንድ ምት ነው የተወሰነው። በመጨረሻው ጨዋታ ስቲለርስ 26–24 እየመራ ሬቨንስ በመጨረሻዋ ቅጽበት የመታው ፊልድ ጎል፣ ሦስት ነጥብ የሚያስገኘው ምት፣ ሳተ። ስቲለርስ 10–7፣ ሬቨንስ 8–9። ከዚያ ሁለቱም ቤት ፈረሰ። ስቲለርስን 19 ዓመት ይዞ አንድም ዓመት ከግማሽ በታች ያልጨረሰው ማይክ ቶምሊን ለቀቀ፣ ማይክ ማካርቲ ተተካ። ሬቨንስ ሃርቦን አሰናብቶ ከቻርጀርስ ጄሲ ሚንተርን አመጣ። ሁለቱም አዲስ አሰልጣኝ ስላላቸው አሰልጣኝ አይለያቸውም። ኳርተርባክ ይለያቸዋል፤ ላማር ጃክሰን ካልተጎዳ ሬቨንስ ነው። ቤንጋልስን የመረጠ ደግሞ ጆ ባሮ 17ቱንም ጨዋታ ይቆማል ብሎ ነው መምረጥ ያለበት፣ አምና ግማሹን ያህል አልተጫወተም።

ኤንኤፍሲ ደቡብ ላይ ፓንተርስ፣ ባካኒርስና ፋልከንስ ሦስቱም 8–9 ጨርሰው በእርስ በርስ ውጤት ነው የተለዩት። ፓንተርስ ካስቆጠረው በላይ ተቆጥሮበታል፤ መለኪያዬ አይፈቅድልኝም። ባካኒርስ በ6–2 ጀምሮ ነው የተሰባበረው፣ ከ2021 እስከ 2024 አራት ጊዜ በተከታታይ ምድቡን የወሰደውም እሱ ነው። ባካኒርስ። እኛ ጋር ለእያንዳንዱ ምርጫ እንደ እምነታችን ከ8 እስከ 1 ነጥብ እንሰጣለን፤ ለዚህኛው 1 ነው የሰጠሁት። 8ቱን ለኢግልስ፣ 7ቱን ለፓትሪዮትስ።

ኤኤፍሲ ምዕራብ ላይ ገና ነኝ። ብሮንኮስ 14–3 ነበር፣ 68 ጊዜ ኳርተርባክ መሬት ላይ የጣለ መከላከል አለው፣ ግን ብዙ ድሉ ለጥቂት የተገኘ ነው፤ ኳርተርባኩ ቦ ኒክስም በፕሌይኦፍ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሯል። ቻርጀርስ ራሻን ስሌተርንና ጆ አልትን፣ ኳርተርባኩን በግራና በቀኝ የሚጠብቁትን ሁለቱን ምርጥ ልጆች፣ በጉዳት አጥቶም 11 ጨዋታ አሸንፏል፤ ሁለቱ ከተመለሱ ጀስቲን ኸርበርት መጨረሻ ላይ ቀና ብሎ የሚወረውርበት ጊዜ ያገኛል። ቺፍስ ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር የኳርተርባኩ የፓትሪክ ማሆምስ ጉልበት ነው። በታኅሣሥ ጅማቱ ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና አድርጓል። አሁን ወረቀቴ ላይ ያለው ቻርጀርስ ነው፣ በእርሳስ። የሙከራ ጨዋታዎቹ አልቀው ቡድኖቹ 53 ሰው ብቻ እስኪያስቀሩ፣ እነዚያ ሁለት ጠባቂዎች ከማን ጎን እንደሚሰለፉ እስካይ ድረስ በእስክሪብቶ አልጽፈውም።